ትኩስ እጅ

የደሴ ሰው በየበሩ ይለካል። የአውቶቡሱ፣ የባንኩ፣ የትምህርት ቤቱ በር ሰው ሲቀርበው ለአፍታ ያመነታና ይከፈታል። ማንም ልብ አይለውም። ሰዎች ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ያልፋሉ። በሩ የሚፈልገው ሙቀት ነው፤ ያበጠ ጉልበት፣ የቀላ ጣት፣ የተቆጣ ድድ። ካገኘም አይጮህም። ዝም ብሎ አይከፈትም።

በሩ የማይከፈትለት ሰው ብርቅ ነው። ሁሉም ከአንገቱ ሥር፣ ከቆዳው በታች፣ የምስር ክክ የምታህል ማርገቢያ አለችው። ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ፣ ለማልቀስ አፉን ሳይከፍት ማርገቢያዋ ሥራዋን ትጨርሳለች። ቁስሉ አይቀላም፣ አያብጥም፣ አይሞቅም። ያበጠ እግር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ጎልማሶች አሉ።

በሱቆቹ መስኮት ላይ የጉልበት ማሰሪያ፣ የእጅ አንጓ መደገፊያ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚቆልፍ መንጠቆ በየቀለሙ ተደርድሯል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሁሉ ቢያንስ አንድ ማሰሪያ አለው። ለሠርግ ነጩን፣ ለለቅሶ ጥቁሩን ያደርጋል። ለምን ይህን ያህል ማሰሪያ እንዳስፈለገ የሚጠይቅ የለም። መገጣጠሚያው አያምም፤ አልጠና ያለ ብቻ ነው። "እንዴት አደራችሁ?" ሲባል "ቀዝቃዛ ነን" ይባላል። "ደህና" የሚሉት ሽማግሌዎች ናቸው።

ሩቅያ ይመር ማሰሪያ የላትም። ትኮራበታለች፤ ግን አታወራውም። ሥራዋ ገመድ መቀጠል ነው። ከፒያሳ ተነስቶ የጦሳን ተራራ ወገብ የሚወጣው ኬብል ካር የተንጠለጠለበት የብረት ገመድ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል። አዲሱ ገመድ ሲመጣ ሁለት ጫፍ አለው። ሁለቱን ጫፍ አንድ የምታደርገው እሷ ናት። ይህን በማሽን የሚሠሩ ከተሞች አሉ። በደሴ የሚሠራው በእጅ ነው።

ገመዱ ከስድስት ጅማቶች የተገመደ ነው። ገመድ ቀጣይዋ ጅማቶቹን ፈትታ የአንዱን ጫፍ ከሌላው ጋር ታለዋውጣለች፤ ከዚያ ገመዱን በብረት ወስፌ ከፍታ እያንዳንዱን ጅማት ወደ ገመዱ ሆድ ታስገባለች። የመስመሩ ሠራተኞች አንድ ልማድ አላቸው፤ የከፈተ ይዘጋል። አንድ እጅ የጀመረውን ቅጥያ ሌላ እጅ አይጨርሰውም። የሁለት ሰው አጠባበቅ አንድ አይሆንም፤ ገመዱም ልዩነቱን ይዞ በየመንኮራኩሩ ላይ ሲያንኳኳ ይኖራል። ሥራው ሲያልቅ ቀጣይዋ ዓይኗን ጨፍና መዳፏን በገመዱ ላይ ታስኬዳለች። መዳፏ ቅጥያው የት እንደሚጀምር ካላገኘ "ተዘጋ" ትላለች። የመጀመሪያው ካቢን የእሷ ነው። ብቻዋን ተሳፍራ ትወጣለች፤ ከታች ያለው ሰው ቆሞ ያያታል። ሌላው የሚሳፈረው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያ ሰኞ ሩቅያ አምስቱን ጅማቶች አስገብታ ነበር። ስድስተኛውን ስታጠብቅ ጅማቱ ከመያዣው አመለጠና የቀኝ እጇን አንጓና የአውራ ጣቷን ሥር ገረፈው።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የጣቢያውን ሰዎች ሁሉ አስደነገጠ። ደሙን አልጠረገችም። በግራ እጇ ሁለት ጣት ከአንገቷ ሥር ጫን ብላ ቆየች። ማርገቢያን እንዲህ አድርጎ መያዝ ይቻላል፤ እስክትለቀቅ ድረስ ሥራዋን አትሠራም። ሕጉ ሰውነት የባለቤቱ ነው ይላል። ነገር ግን የሚይዛት ሰው ታይቶ አይታወቅም።

"ሩቅዬ፣ ልቀቂያት" አለ አንዱ ሠራተኛ። "ደቂቃ አይፈጅም እኮ።"

ከጎኗ ጋሼ እብሬ ቆመው ነበር። ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት እሳቸውንም ገመድ እንዲሁ እጃቸውን ገርፏቸው ነበር። ማርገቢያቸው ሠርታ በማግስቱ ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ጣቢያውም አጨበጨበላቸው። አንጓቸው አላበጠም። አልጠናምም። ዛሬ ሰማያዊ ማሰሪያ አድርገው የጅማቶቹን ተራ በቃል ይጠራሉ እንጂ ወስፌ መያዝ አይችሉም።

የጤና ጣቢያው በር ለሁሉም ይከፈታል። ዶክተር ስንሻው ሲናገር ጠረጴዛውን የሚያይ ወጣት ነው። እጇን አጥቦ፣ በብርሃን አይቶ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፋቸው።

"አጥንቱ ደህና ነው። የተበጠሰ ጅማትም የለም። ወይዘሮ ሩቅያ፣ ማርገቢያዎን ይዘዋታል?"

"አንቺ በለኝ፣ ዶክተር። ያ ብረት ሲገርፈኝ አንቱ አላለኝም።"

ፈገግ አለ። "ለምን ያዝሻት?"

"የጋሼ እብሬን እጅ አይቻለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ያበጠውን ብተወው ምን እንደሚሆን ግን አላውቅም። አንተ ታውቃለህ?"

"ተምሬዋለሁ። አይቼው አላውቅም።" ጠረጴዛውን ተወና እጇን አየ። "እሳት ነድዶ ነድዶ ሲደክመው እንደሚጠፋ፣ ቁስልም እንደዚያ ይመስለን ነበር፤ ድሮ። ግን ቁጣው ደክሞት አይደለም የሚያልቀው። የሚያስጨርሰው አለ።"

"ማነው የሚያስጨርሰው?"

"ስብ።"

ሩቅያ ወደ ሆዷ አየች። "እሱ እንኳ ሞልቶኛል።"

"ሰውነትሽ ከስብ የሚሠራቸው መልእክቶች ናቸው፤ በጣም ጥቃቅን። አሁን ነጭ የደም ሴሎች እጅሽ ውስጥ እየገቡ ነው። ይቆጣሉ፣ ያሳብጣሉ፣ የተጎዳውን ያፈርሳሉ። መጀመሪያ ላይ የሚልኩት መልእክት 'ኑ፣ ጨምሩ' የሚል ነው። ሥራቸው ሲደርስ ግን ይለውጡታል። ከስብ ሌላ መልእክት ይሠራሉ፤ 'በቃ፣ ሌላ አይግባ፤ ጠራጊ ይምጣ' የሚል። ጠራጊዎቹ መጥተው የደከሙትን ይውጣሉ፣ ፍርስራሹን ያነሳሉ። ሥጋው የሚጠገነው ከዚያ ነው።"

"መልእክቱን የሚለውጡት እነማን ናቸው?"

"በአብዛኛው እነዚያው።"

"የተቆጡት ራሳቸው?"

"የተቆጡት ራሳቸው።"

"ማርገቢያዋስ ምን ታደርጋለች?"

"ቁጣውን ታጠፋለች። የመዝጊያው መልእክት የሚጀምረው ከቁጣው ውስጥ ስለሆነ እሱንም አብራ ታጠፋለች። ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ፍርስራሹ ግን እዚያው ነው።"

"የከፈተ ይዘጋል" አለች ሩቅያ።

"ምን አልሽ?"

"የኛ ነገር ነው። እዚያ ጣቢያ የምንለው ነገር ነው።"

ዶክተሩ እጇን በስሱ ፋሻ ጠቀለለ። ጣቶቿን በየሰዓቱ ቀስ ብላ እንድታንቀሳቅስ ነገራት። "ትኩሳት ከያዘሽ ወይም ቅላቱ ወደ ክንድሽ ከወጣ በዚያው ቅጽበት ነይ። ያ ሌላ ነገር ነው፤ መድኃኒት ይፈልጋል። ሕመሙንስ ትችይዋለሽ?"

"ሕመሙ የኔ ነው።"

"መቼ እንደሚዘጋ አልምልልሽም።"

"እኔም ገመዴ መቼ እንደሚዘጋ ለማንም ምዬ አላውቅም" አለችና ወጣች።

ወደ ጣቢያው ስትመለስ በሩ አልተከፈተላትም። የጣቢያው ኃላፊ ኢንጂነር ውድነሽ ወጥታ በአጥሩ ፍርግርግ አነጋገረቻት። ውድነሽ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። በሁለቱም ጉልበቷ ላይ ነጭ ማሰሪያ አለ።

"እስከ ዓርብ ጠዋት እጠብቅሻለሁ" አለቻት። "የላይ ሰፈር ሰው በእግሩ እየወጣ ነው። ከዓርብ በኋላ ከሌላ ከተማ ማሽን ይመጣል። ያንቺ ቅጥያ ይቆረጣል። አንቺም ወደ ካቢን አጠባ ትዛወሪያለሽ። ሥራውን ትኩስ ሆኖ ያስተጓጎለ ቀጣይ ወደ ገመድ አይመለስም፤ ደንቡ ነው።"

"ደንቡን አውቀዋለሁ።"

"አለበለዚያ ያንን አንገትሽን አሁን ልቀቂው። ነገ ጠዋት ገብተሽ ትዘጊዋለሽ።"

"ነገ እዘጋዋለሁ፣ ውድነሽ። በሚቀጥለው ገመድስ? ከዚያ በኋላ በሚመጣውስ?"

ውድነሽ ክብደቷን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወረች። ዞራ ገባች።

ቅጥያ የከፈተች ሴት ከቅጥያዋ አትርቅም። ስለዚህ ሩቅያ ከአጥሩ ውጭ፣ ወደ ላይ ሰፈር በሚወስደው ደረጃ ግርጌ ተቀመጠች። ከዚያ ሆና በፍርግርጉ ውስጥ ገመዱ በእንጨት መደገፊያዎች ላይ ላልቶ ተጋድሞ ይታያታል፤ አምስት ጅማቶች ገብተዋል፣ አንዱ ተፈትቶ ይጠብቃል። እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። እጇ የእንጀራ ሊጥ ኩፍ እንደሚል ኩፍ አለ። ቀላ። ጣቶቿ ወፍረው እርስ በርስ ተጣበቁ። የሚያልፈው ሰው ራቁት ሰው እንዳየ ሁሉ ፊቱን ያዞር ጀመር።

ዘሃራ የምትባል ቆሎ ሻጭ ደረጃው ላይ የራሷ ቦታ አላት። ሁለቱም አንጓዋ ላይ ቢጫ ማሰሪያ አድርጋለች። በመጀመሪያው ቀን ጀርባዋን ሰጥታት ዋለች። በማግስቱ አልቻለችም።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሸፍኚው እንጂ። ገበያዬን አባረርሽብኝ።"

"ገበያሽ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ነው። ኬብል ካሩ ቆሞልሽ በእጥፍ ሸጠሻል።"

"እሱስ እውነት ነው" አለች ዘሃራ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ይሞቃል?" ስትል ጠየቀቻት።

"ንኪው።"

ዘሃራ ግራና ቀኝ አየችና አንድ ጣቷን በፋሻው ጠርዝ ላይ አሳረፈች። ጣቷን ቶሎ አላነሳችም። "ውስጡ ሰው ያለ ይመስላል" አለች።

"አለ። እየሠራ ነው።"

"ምንድነው የሚሠራው?"

"አሁን እያፈረሰ ነው። ሲጨርስ ራሱ ይዘጋዋል ተብያለሁ።"

"ተብያለሁ ብሎ ነገር። ታዲያ ባይዘጋውስ?"

በዚያ ቀን የሩቅያ እጅ ከሁሉ ቀን የከፋ ነበር። አውራ ጣቷ አልታጠፈ አላት፤ ልብሷን የለበሰችው በጥርሷና በግራ እጇ ነው። ዶክተሩ ጋ ሄዳ ክንዷን አሳየችው። ቅላቱ አልወጣም፤ ትኩሳትም አልነበራትም። "ጠብቂ" አላት። ሁለት ጣቷን ወደ አንገቷ ወስዳ ማርገቢያዋን ዳሰሰቻት። መልቀቁም እንደ መያዙ ቀላል ነበር። ጣቶቿን መለሰች።

ጋሼ እብሬ ከሐይቅ በመጣ ዓሣ ሳህን ሞልተው ይዘውላት መጡ።

"ይህን ብዪ። ስብ ነው አይደል ያለሽ ያ ዶክተር ልጅ? ዓሣ ላይ ጥሩ ስብ አለ ብሎኛል፤ ጠይቄዋለሁ።"

"ጋሼ፣ የዛሬ ዓሣ ለዛሬ እጅ አይደርስም። እኔም ጠይቄዋለሁ። ሰውነቴ የሚጠቀመው ዓመቱን ሙሉ ከበላሁት የተቀመጠውን ስብ ነው አለኝ።"

"ታዲያ ለሚቀጥለው ግርፊያ ይሁንሽ። ብዪ።"

አብረው በሉ። እሳቸው በማንኪያ ነበር የሚበሉት፤ ጣቶቻቸው አጥንት መለየት አይችሉም። ሲጨርሱ ቀዝቃዛ እጃቸውን ያበጠው እጇ አጠገብ አኖሩት። ሁለቱን እጆች እያስተያዩ ብዙ ቆዩ።

"የኔን ጊዜ አስታውሳለሁ" አሉ። "አላመመኝም። አላመመኝም ብዬ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። አሁን ሳስበው እንኳ የት ቦታ እንደመታኝ አላውቀውም። አንቺ ታውቂያለሽ?"

"እያንዳንዷን ቦታ።"

"እንግዲያው ቁስሉ ያንቺ ነው" አሉና ሳህኑን አንስተው ሄዱ።

ሐሙስ ጠዋት ሩቅያ ፋሻውን ስትፈታ እጇ ጀርባ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አየች። እንደ ከበሮ ተወጥሮ የነበረው ቆዳ ተጨማድዷል። ያሳክካል። አውራ ጣቷን አጠፈችው፤ ታጠፈላት፤ ግማሽ ድረስ። ደጋግማ አጠፈችው። አንድ ነገር እጇ ውስጥ ማንም ሳያዘው ሐሳቡን ለውጦ ነበር። ሌላ አይግባ፤ ጠራጊ ይምጣ። ደረጃው ግርጌ ስትደርስ ፋሻውን አልጠቀለለችውም። እጇን ፀሐይ ላይ አውጥታ ተቀመጠች። ዘሃራም ሸፍኚው አላለቻትም፤ እንዲያውም ለአላፊ አግዳሚው "እዩት፣ እየጎደለ ነው" ማለት ጀምራ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አውራ ጣቷ ትንሿን ጣቷን ነካ። ወስፌዋን ጨበጠችው። መጨበጧ ሙሉ አልነበረም፤ ለአንድ ጅማት ግን ይበቃል። ተነስታ ወደ ጣቢያው በር ሄደች።

በሩ አመነታ። አልተከፈተም።

ወደ ኋላ ተመልሳ እንደገና ቀረበች። በሩ አልተከፈተም። እጇ እየዳነ ነበር፤ ሲድን ደግሞ ይሞቃል። በሩ የሚጀምረውን ሙቀት ከሚያልቀው አይለይም። ማንም እንዲለይ አላስተማረውም፤ የሚያልቅ ሙቀት ያየ ሰው የለማ።

ሠራተኞቹ በፍርግርጉ ተሰበሰቡ። ውድነሽ መጣች። ሩቅያ እጇን ፍርግርጉ ላይ አስደግፋ አውራ ጣቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ወስፌውን አዞረች። ውድነሽ ዓይኗን ከእጁ አላነሳችም።

"እንዲህ ነው የሚሆነው?" አለች ቀስ ብላ።

"እንዲህ ነው።"

"ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። በሩን እኔ አልሠራሁትም፤ ልከፍተውም አልችልም።"

"አውቃለሁ።"

ውድነሽ ወደ ገመዱ ዞረች፤ ከገመዱ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ደረጃው አየች። በጣቢያ ኃላፊ ድምፅ፣ የሥራ ትእዛዝ እንደምትሰጥ ሁሉ፣ "ይህ በር የሚለካው ሰውን ነው" አለች። "ገመድ አይለካም። ገመዱም ላልቷል። አውጡት።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"አውጡት እኮ ነው የምላችሁ። የአጥሩን ላይኛ ብረት ፍቱና በዚያ አሳልፉት።"

ገመዱ ከባድ ነው። ሠራተኞቹ በትከሻቸው አንስተው አጥሩ ላይ ሲያደርሱት አቅማቸው አለቀ። ከደረጃው ላይ ዘሃራ ተነሳች። ቆሎዋን ትታ መጥታ ትከሻዋን ከገመዱ ሥር አስገባች። ሽቅብ ሊወጡ የነበሩት ሰዎች እቃቸውን አስቀመጡ። ነጭ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ማሰሪያ ያደረጉ ሰዎች፣ እጃቸው ስለማይጠናላቸው በትከሻቸው፣ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ቆሙ። ገመዱ ከጣቢያው ወጥቶ በሰው ትከሻ ላይ እስከ ደረጃው ግርጌ ተዘረጋ። ያልተዘጋው ቦታ ሩቅያ ፊት መጥቶ ቆመ።

"ስድስተኛው" አሉ ጋሼ እብሬ።

ሩቅያ ወስፌውን ሰካች። ገመዱን ስትከፍተው ሕመሙ እስከ ክርኗ ደረሰ፤ ፊቷ ላይ አስታወቀ፣ እጇ ላይ ግን አላስታወቀም። ጅማቱን ይዛ ወደ ገመዱ ሆድ መራችው። አልቸኮለችም። የተሸከሙት ሰዎች ገመዱን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ቆሙ። የጅማቱ ጫፍ ሲሰወር ወስፌውን ነቀለች፤ ገመዱ ራሱ በራሱ ላይ ተከደነ።

ዓይኗን ጨፈነች። በጤናማው እጇ ልትዳስሰው ትችል ነበር። ያስኬደችው ግን ያንን ትኩሱን መዳፍ ነው። ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው፣ የሰዉን ትንፋሽ እየሰማች ሄደች። መዳፏ መጀመሪያውን አላገኘውም። መጨረሻውንም አላገኘውም።

"ተዘጋ" አለች።

ገመዱ ተመልሶ ገባ፣ ተወጠረ። ውድነሽ ለማሽኑ ሰዎች ደውላ ከመንገድ እንዲመለሱ ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ ፍርግርጉ መጣች። "የመጀመሪያው ካቢን ያንቺ ነው። በሩ ግን..."

ሩቅያ ወስፌዋን በፍርግርጉ አሳልፋ ሰጠቻት። "የካቢኑ ወንበር ላይ አስቀምጪልኝ።"

ሽቅብ የሚወጣው ሰው ሁሉ እቃውን አንስቶ ነበር። ካቢኑ በሩን ከፍቶ ሲቆም ግን፣ የመጀመሪያው የእሷ ነውና፣ የሚሳፈር አልተገኘም። ወስፌዋን ብቻ ይዞ ተዘጋና ተነሳ። ሩቅያ እሱን ከላይዋ አድርጋ ደረጃውን በእግሯ ወጣች። እጇ በልቧ ምት ልክ ይመታል። ካቢኑ በመጀመሪያው መንኮራኩር ላይ ሲያልፍ ጆሮዋን አቀናች፤ አላንኳኳም። በሁለተኛውም አላንኳኳም።

ከደረጃው ግማሽ ላይ ከላይ ሰፈር የምትወርድ አንዲት ሴት ቀና ብላ ካቢኑን አየችና ቆመች። ኬብል ካሩ መሥራቱን አልሰማችም ነበር።

"እሰይ፣ ተነሳ። ማን አለበት?"

"እኔ" አለች ሩቅያ፤ መውጣቷንም ቀጠለች።